በታዋቂ ድምፃውያን ስም የሚሸጥ መቅረጫ፦ ማሽኑን፣ ማይክሮፎኑን፣ ሸክላውን ወይስ ሪሉን?

ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ ሰው ከባድ ባለ ሪል ቴፕ ተሸክሞ መጥቶ «ይህ እኮ ጥላሁን ገሠሠ የተቀረጸበት ነው» ቢልዎት፣ ለሽያጭ የቀረቡልዎ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ብረቱ ነው። ይሠራል ወይም አይሠራም፤ ጠጋኝ ጠርቶ ማስፈተሽ ይቻላል። ሁለተኛው ወሬው ነው። ዋጋውን የሚያንረው ወሬው ነው፤ ገዢን የሚያከስረውም እሱው።

ከዚህ በታች ለሽያጭ ሊቀርቡልዎ ወይም ከቤተሰብ ሊወርሷቸው የሚችሉ አራት ዓይነት ዕቃዎችን አወዳድራለሁ፦ የመቅረጫ ማሽን፣ ማይክሮፎን፣ የመጀመሪያ እትም ሸክላ፣ እንዲሁም ድምፅ የተቀዳበት ሪልና ካሴት። እኩል ቦታ አልሰጣቸውም። አቋሜንም አልደብቅም፤ በእኛ አገር ሁኔታ «በእገሌ ስም» ከሚሸጥ ማሽን ይልቅ ድምፁ ያለበት ዕቃ ይበልጣል ባይ ነኝ። ይህን የምለው ለሙዚቃው ካለኝ ፍቅር ተነሥቼ ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ የራሱን ታሪክ መናገር ስለማይችል ነው።

ስም ምን ያህል ይጨምራል?

በዓለም ገበያ የሚጨምረው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከርት ኮቤይን በቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ የተጫወተበት ማርቲን ጊታር ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር ጥቁር ፌንደር ጊታሩን ለጨረታ አቅርቦ 3.975 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው እጅግ የታወቀ አልበም የተቀረጸበት የአቢ ሮድ ስቱዲዮ ሚክሰር (ከየማይክሮፎኑ የሚመጣውን ድምፅ የሚያደባልቅ መሣሪያ) ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ዮርክ ውስጥ በቦንሃምስ ጨረታ 1.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል።

ልዩነቱን ልብ ይበሉ። ሚክሰሩ አንድ ክፍል የሚሞላ፣ ለስቱዲዮው ተብሎ የተሠራና እንደ ጊልሞር ጊታር ከሱቅ የማይገዛ መሣሪያ ነው። ሆኖም ጊታሩ ከእጥፍ በላይ አወጣ። ጊታሩን አድማጭ በመድረክ ላይ በዓይኑ አይቶታል፤ በሙዚቀኛው ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ያውቀዋል። ሚክሰሩ ግን ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ የኖረ፣ የስቱዲዮው እንጂ የሙዚቀኛው ያልሆነ፣ ሌሎች ብዙ አርቲስቶችም የተፈራረቁበት ዕቃ ነው። የመቅረጫ ዕቃ ስሙን ከሌሎች ጋር ስለሚጋራ ብዙ ጊዜ ከሙዚቃ መሣሪያ ያነሰ ያወጣል። ስለዚህ «ጊታሩ ይህን ያህል ከተሸጠ መቅረጫውማ» የሚለውን የሻጭ ስሌት አይቀበሉት። በስልካቸው የጨረታ ዜና አንብበው የሚመጡ ሻጮች አንድ ሌላ ነገርም ይዘነጋሉ። በዜና የሚነገረው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የአጫራቹን ኮሚሽን የጨመረ ስለሆነ ሻጩ እጅ የሚገባው ከዚያ ያነሰ ነው።

ሌላው ወጥመድ «ዓይነቱ ያው ነው» የሚለው ነው። የማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. የ1982 አልበም ሲቀረጽ የድምፅ መሐንዲሱ ብሩስ ስዊዲን ለዘፋኙ ድምፅ የተጠቀመው ሹር ኤስኤም7 የተባለውን ማይክሮፎን ነው። የዚህ ማይክሮፎን ተከታይ ዛሬም ፋብሪካ ይመረታል፤ በጥቂት መቶ ዶላር አዲሱ ይገዛል። ጃክሰን የዘፈነበት አንዱ ማይክሮፎን ሌላ ነገር ነው፤ የእሱ ዓይነት የሆኑት ሁሉ ግን ጥሩ ማይክሮፎኖች ናቸው፣ ከዚያ አያልፉም። «ማይክል ጃክሰን የተጠቀመበት» እና «ማይክል ጃክሰን የተጠቀመበት ዓይነት» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት የሚለካው በብር ነው።

ያለ ማንም ስም የሚፈለጉ ዕቃዎች

የማንም ታዋቂ ሰው እጅ ባይነካቸውም በራሳቸው ዋጋ ያላቸው መቅረጫዎች አሉ። ከእነሱ ቀዳሚው ኖይማን ዩ47 ማይክሮፎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ወጣ፤ ፍራንክ ሲናትራም ቢትልሶችም ዘፍነውበታል። ዋጋውን የሰቀለው ግን ዘፋኞቹ ብቻ አይደሉም። በውስጡ ያለችው ቪኤፍ14 የተባለችው የቴሌፈንከን ቫልቭ (ድምፁን የምታጎላው ክፍል) እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ መመረቷ ቆመ። ክምችቱ እያለቀ ሲሄድ ማይክሮፎኑም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ከምርት ወጣ። ዛሬ የመጀመሪያ ቫልቩ ያለበትና የሚሠራ ዩ47 ከ10,000 ዶላር በላይ ያወጣል፤ ቫልቩ በሌላ ከተተካ ዋጋው ይወርዳል። ጎንደር ውስጥ ሆኖ ይህን መግዛት አልመክርም። ቢበላሽ የሚያድነው ባለሙያ ሩቅ ነው፤ እውነተኛነቱን የሚመረምረውም እንዲሁ።

ማሽኖች ላይ ስንመጣ ከስሙ በፊት መታየት ያለበት መብራቱ ነው። ይህን ነጥብ ሻጭ ሲያነሣው አይሰማም። ብዙ አሜሪካ ሠራሽ አሮጌ ቴፖች የተሠሩት ለ110 ወይም ለ117 ቮልትና ለ60 ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ ለሚመላለስበት ብዛት) ነው። የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። የማሽኑ ሞተር ፍጥነቱን ከኸርዙ የሚወስድ ዓይነት ከሆነ ስድስት ጊዜ መዞር ሲገባው አምስት ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ያኔ ዜማው ይጎተታል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ማስተካከል ይቻላል፤ ነገር ግን ለሞተሩ የሚሆን መለዋወጫ መፈለግ ወይም ማስሠራት ይጠይቃል።

በዚህ መለኪያ ሁለት ማሽኖች ለእኛ ከተማ ይስማማሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የስዊዘርላንዱ ሬቮክስ ኤ77 ነው። የቴፑን ፍጥነት የሚቆጣጠረው በኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ ለኸርዙ አይጨነቅም። ሁለተኛው በትውልዱ ፖላንዳዊው ስቴፋን ኩደልስኪ ስዊዘርላንድ ውስጥ የሠራው ናግራ ነው። ፊልም ሠሪዎች፣ የሬዲዮ ጋዜጠኞችና የባሕል ሙዚቃ አጥኚዎች ተሸክመውት የዞሩት ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ናግራ 3 በድንጋይ ባትሪ ይሠራል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በቤት ውስጥ ቀረጻ ለሚወድ ወጣት ደግሞ ቲአክ ፖርታስቱዲዮ 144 አለ። በካሴት ላይ አራት ትራክ የሚቀርጽ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ዕቃ ነው። ብሩስ ስፕሪንግስቲን እ.ኤ.አ. የ1982 አልበሙን ቤቱ ቁጭ ብሎ የቀረጸው በእሱ ነው። ዛሬም የዚህ ዓይነት ካሴት መቅረጫ ፈላጊ አለው።

የትኛውም ቢሆን ሲገዙ የጎማ ሮለሩን በጣትዎ ይንኩት። ተጣብቆ እንደ ሬንጅ ከሆነ ወይም ከጠነከረ ይቀየራል፤ ችግሩ ቀላል ነው። ቺንጋውም እንዲሁ። ቴፑ የሚነካው ሄድ (ድምፁን የሚያነበው ክፍል) ላይ ግን ጥፍር የሚይዝ ሸንተረር ካለ ማሽኑ ብዙ ሠርቷል ማለት ነውና ዋጋው መቀነስ አለበት። ለብዙ ዓመት ያልበራ ማሽን «እስኪ እንየው» ብሎ በቀጥታ 220 ላይ መሰካት ያረጁ ካፓሲተሮቹን ሊያፈነዳ ይችላል፤ ሻጩ ሊሰካው ሲል እጁን ይያዙት።

በእኛ አገር ማሽኑ ለምን አይናገርም?

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉዳይ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲመሠርት የአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ቀረጻ ከመንግሥት ተቋማትና ከጥቂት የውጭ ኩባንያዎች እጅ ወጥቶ ወደ ግለሰብ ነጋዴ መሻገር ጀመረ። ቀጥሎ ዓሊ አብደላ ካይፋ መጣ። በዚያ ዘመን ቀረጻ ማለት ዛሬ እንደምናስበው ለዚሁ ተብሎ የታነጸ ስቱዲዮ ማለት አልነበረም። ባንዱ በአዳራሽ ወይም በሆቴል የምሽት ክበብ ውስጥ በአንድነት ይጫወታል፤ ጥቂት ማይክሮፎኖች ይዘረጋሉ፤ ማሽኑ ይመጣል፣ ያበቃል፣ ይሄዳል። ሸክላው ውጭ አገር ታትሞ ይመለሳል። የማሽኑን መለያ ቁጥር መዝግቦ ማስቀመጥ ለማን ይታየዋል?

ስለዚህ አንድ ቴፕ «ማሕሙድ አሕመድ የተቀረጸበት ነው» ሲባል ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን የሚያረጋግጠው ነገር በአብዛኛው አልተረፈም። ሸክላው ግን ራሱ ምስክር ነው። የአሳታሚው ስም፣ የዘፋኙ ስምና የእትሙ ቁጥር ክቡ ወረቀት ላይ ታትመዋል፤ በመሐሉ ባዶ ቦታ ደግሞ የተቀረጸ ቁጥር አለ። ሻጩ ባይናገር እንኳ ዕቃው ይናገራል።

ሸክላ

ለመሰብሰብና ለማትረፍ ከሆነ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። የኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ሸክላ የሚፈልጉ ሰዎች ከቶኪዮ እስከ ፓሪስ አሉ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያሰናዳቸው ተከታታይ ዲስኮች ገበያውን ከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ሲሰማ ፍላጎቱ ጨመረ። ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት ሸክላ የመጀመሪያው እትም በሺዎች ዶላር ሲሸጥ ቆይቷል። በኋላ ዳግም ሲታተም ማንም ሰው በተራ ዋጋ የሚያገኘው ሆነ፤ የመጀመሪያው እትም ተፈላጊነት ግን አልጠፋም። ለማዳመጥ የሚፈልግ ዳግም እትሙን ይግዛ፤ ድምፁም ብዙ ጊዜ የጸዳ ነው። ለመሰብሰብ የሚፈልግ የመጀመሪያውን። ሁለቱን ማምታታት ነው ጉዳቱ፤ ዳግም እትምን በአሮጌ ሽፋን ከትቶ የሚሸጥ አለና ክቡን ወረቀት ከሽፋኑ ጋር ያስተያዩ።

እዚህ አገር የሚገኝ ሸክላ አንድ ችግር አለበት፤ ሲጫወት የኖረ ነው። ቡና ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሲሽከረከር፣ በደነዘዘ መርፌ ሲታረስ ያደገ ሸክላ ለጌጥ ካልሆነ አይረባም። ብርሃን ላይ አጋድመው ይዩት። ከላይ የሚታይ ጭረት ሁልጊዜ አይሰማም፤ ክፋቱ ገጹ ሁሉ ግራጫ ሲሆን ነው። ሽፋኑ አለ ወይስ የለም የሚለው ዋጋውን በእጅጉ ይለውጣል፤ በላዩ በእስክሪብቶ የተጻፈ የባለቤት ስም ይቀንሰዋል፤ የዘፋኙ ፊርማ ከሆነ ግን ይጨምረዋል። ፊርማው የእርሱ ለመሆኑ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እንደገና ወደ ወረቀት ተመለስን።

ሪልና ካሴት፦ ጎንደር የምትበልጥበት

ሸክላ በብዛት የታተመ ነው። ሪልና የቤት ካሴት ግን አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሸክላ በካሴት ሲተካ፣ ሙዚቃ ቤቶች ካባዟቸው ካሴቶች ጎን ለጎን ሰዎች በራሳቸው መቅረጫ የቀዷቸው አሉ። የሠርግ ማሲንቆ፣ ለጠጅ ቤት እንግዳ የተገጠመ ቅኔ፣ እንደ ቡርቧክስ ካሉ የአዝማሪ መንደሮች የወጡ ባለሙያዎች ገና ስማቸው ሳይገን የዘፈኑት። በሙዚቃ ቤት የተባዛ የይርጋ ዱባለ ካሴት በብዙ ቤት ይገኛል፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። በአንድ ግብዣ ላይ አንድ ሰው የቀዳው ካሴት ግን ወንድም የለውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ገበያ የማያውቀው አለ። ጎንደር የአቋቋም አገር ናት፤ ከየሀገሩ የሚመጡ ደቀ መዛሙርት በጎንደር በአታ ነው የሚመሰከሩት። ያለፉ መምህራንን ዜማ በተራ ካሴት መቅረጫ የቀዱ ተማሪዎች ነበሩ። የአንድ መምህር ድምፅ ያለበት ካሴት ከተቀዳበት ማሽን ጋር ቢቀርብልዎ ማሽኑን ይተዉት። ካሴቱንም ቢሆን «ስብስብ» ብሎ ከመቆለፍ ቅጂውን ለደብሩና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ መስጠት ይሻላል። ይህን ስል ከንጽጽር መስመሬ እንደወጣሁ አውቃለሁ፤ ግን ዋጋ ሁሉ በጨረታ አይወሰንም።

ሪል ሲገዙ ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ ሪሉን መግዛት የዘፈኑን መብት መግዛት አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ላይ እንደሰፈረው መብቱ የፈጣሪው፣ የከዋኙና የአሳታሚው ነው፤ ማስተሩ (ዋናው ቅጂ) እጅዎ ውስጥ ስላለ በኢንተርኔት ለቅቀው ገንዘብ ሊሰበስቡበት አይችሉም። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተመረቱ አንዳንድ ቴፖች እርጥበት እየሳቡ ማግኔቱን የያዘው ማጣበቂያ ይላቀቃል። ሲጫወቱ ይጮኻሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ሄዱ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ይተዋሉ። እንዲህ ያለ ቴፕ ቢያጋጥምዎ ወዲያው ያቁሙት። ባለሙያዎች ሙቀቱ በልክ በተያዘ ማሞቂያ፣ 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ለሰዓታት አቆይተው ለጊዜው ያድኑትና በዚያው ይገለብጡታል። ይህ የወጥ ቤት ምድጃ ሥራ አይደለም። እንደ ኮምጣጤ የሚሸት የቆየ ቴፕ ደግሞ ሌላ ዓይነት በሽታ ስላለበት በፍጹም መሞቅ የለበትም።

አንድ ቴፕ ሲጫወት ዜማው ከልክ በላይ ከፈጠነ፣ የተቀዳው ከላይ በተናገርኩት በኸርዝ በሚታሰር ማሽን እዚሁ አገር ሊሆን ይችላል። ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ቀረጻው የተሠራው እዚህ ለመሆኑ አንድ ፍንጭ ነው። በኮምፒውተር ይስተካከላል።

ወሬን በቀን መፈተሽ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ቢባልም፣ ገበያ ላይ ግን ያለ ወረቀት አይውልም። ከማስረጃ ሁሉ የሚበልጠው የማሽኑ መለያ ቁጥር የሰፈረበት ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወይም የንብረት መዝገብ ነው። ቀጥሎ ፎቶግራፍ፤ «ተመሳሳይ ቴፕ» የሚታይበት ሳይሆን ያው ጭረት፣ ያው የተሰበረ ጥግ የሚታይበት። ከዚያ የድምፃዊው ወይም የቤተሰቡ የተፈረመ ደብዳቤ። የአፍ ምስክርነት መጨረሻ ላይ ነው፤ የተናጋሪው ሽበት ደረጃውን አያሳድገውም።

ምንም ወረቀት ከሌለ ቢያንስ ቀኑን ይጠይቁ። ማሽን ከመወለዱ በፊት ሊቀርጽ አይችልም። ሬቮክስ ቢ77 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነውና የአምሃ ሪከርድስ የመጀመሪያ ሸክላ ተቀርጾበታል የሚል ሰው እየቀለደ ነው። ሹር ኤስኤም58 እ.ኤ.አ. ከ1966 በፊት የለም። የአቆጣጠር ልዩነታችን ግን እዚህ ላይ ጉድ ይሠራል። ሳጥን ላይ «1971» ተብሎ ቢጻፍ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ቢ77 ገና አልተሠራም፤ በእኛ ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. 1978 እና 1979 ስለሆነ ነገሩ ያስኬዳል። ሻጩን «በየትኛው?» ብለው ይጠይቁና ከመመለሱ በፊት ሲያስብ ይመልከቱት።

ስምምነት ላይ ከደረሱ ውሉን በሁለት ዋጋ ይጻፉ። ለዕቃው ይህን ያህል፣ ለታሪኩ ይህን ያህል፤ ማስረጃው በተወሰነ ጊዜ ካልቀረበ የታሪኩ ክፍያ አይከፈልም። ሐቀኛ ሻጭ አይቆጣም።

ለየትኛው ዓላማ የትኛው?

ሆቴል ወይም ሬስቶራንት ኖሮት ለጌጥ የሚፈልግ ሰው ለሚሠራ ማሽን መክፈል የለበትም። የማይሠራ፣ ፊቱ ያማረ ባለ ሁለት ሪል ቴፕ ይበቃዋል። ግን «በእገሌ የተቀረጸበት» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ቱሪስት አያታልልበት።

ስቱዲዮ ለሚከፍት ወጣት አሮጌ ዕቃ ቅንጦት ነው። አዲስ ማይክሮፎንና ጥሩ ስታቢላይዘር ይግዛ፤ ከተረፈው ሬቮክስ ኤ77 ቢያገኝ የሰዎችን ሪል ወደ ኮምፒውተር እየገለበጠ ሥራ ሊያገኝበት ይችላል።

ገንዘብ ለማስቀመጥ ለሚፈልግ፣ ሸክላ። ቦታ አይይዝም፣ መብራት አይፈልግም፣ አዲስ አበባ ለመላክም ይቀላል። ቁም አድርጎ መደርደር፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት ማራቅ፣ በክረምት ከግድግዳ ጋር አለማስጠጋት ይበቃል።

ወራሾችን በተመለከተ ጥቂት ልጨምር፤ ጉዳቱ የሚበረታው እዚያ ነውና። አባት ወይም አያት ሙዚቀኛ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ ወይም ሙዚቃ ቤት ባለቤት ከነበሩ ምንም ነገር ከማንሣትዎ በፊት ክፍሉን እንዳለ ፎቶ ያንሡት። ሪሎቹን ከመሸጥዎ በፊት ያስገልብጡ። ውጭ አገር የሚሸጥ ከሆነ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ስለሚከለክል፣ ዕቃው በዚያ ውስጥ ይገባ እንደሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መከራከር አያዋጣም። ሪልን ከሳጥኑ፣ ሳጥንን ከደብዳቤው፣ ደብዳቤን ከማሽኑ አይነጣጥሉ። «ማሽኑን ብቻ ስጡኝ፣ ወረቀቱ ለእናንተ ይቅር» የሚል ገዢ ከመጣ ቀጣዩን ገዢ ይጠብቁ፤ «ወረቀቱን ብቻ» የሚል ከመጣ ደግሞ በሌላ ማሽን ላይ ሊለጥፈው ነውና በሩን ያሳዩት።